መዳፍ የሚያገኘው ጎባጣ

በጥር ወር መካነ ሰላም ላይ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ግቢያችን ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር፣ ሦስት ሜትር ተኩል የምትረዝም ጀልባ በሁለት መደገፊያ ላይ አፏን ቁልቁል ተደፍታለች። ቀኑን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትጋት ነው የዋልኩት። ጣቴን ሳስኬድባት አንድም ቦታ አልያዘኝም፤ ነገ ቀለም እቀባታለሁ ብዬ ልቤ ሞልቷል። የእጅ ባትሪዬን አበራሁና ብርሃኑን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ገጿን ታክኮ እንዲያልፍ አድርጌ ለቀቅሁባት። ያየሁት ከአቀስታ ወደ እኛ ሲመጡ የሚታየውን አገር ነው፦ ጉብታ፣ ጎድጓዳ፣ ደግሞ ጉብታ። እያንዳንዷ ጉብታ ከኋላዋ ጥላ ጥላለች።

ያን ሌሊት፣ ከሁለት ወር በፊት በችኮላ ያለፍኩትን መጽሐፍ በስልኬ ላይ መልሼ ከፈትሁት። የጉዦን ወንድማማቾች ስለ ጀልባ ግንባታ የጻፉት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን አምስተኛው እትም በ2005 ወጥቷል። ሚድ፣ ጃን እና ጆኤል ጉዦን በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ቤይ ሲቲ በምትባል ከተማ፣ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ በሸራ የሚንሸራተቱ ጀልባዎችን እየሠሩ ሙያውን የያዙ ወንድማማቾች ናቸው። በ1969 ኩባንያ አቋቋሙ። በ1970 አዳጂዮ የተባለች፣ 35 ጫማ የምትረዝም፣ ሦስት አካል ጎን ለጎን የተያያዘባት የእንጨት ጀልባ ውሃ ላይ አወረዱ። የአዳጂዮ እንጨት የተያያዘው በሚስማርና በብሎን ሳይሆን በኢፖክሲ ነበር። ኢፖክሲ ማለት ሁለት ፈሳሽ ተመጥኖ ሲቀላቀል እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ሙጫ ነው። ወንድማማቾቹ በእሱ ማጣበቅ ብቻ ሳይሆን የእንጨቱን ገጽ ከውስጥም ከውጭም ሸፈኑበት፤ ውሃም እርጥበትም እንዳይገባው አሸጉት። መጽሐፉ የዚህ ዘዴ ሙሉ ማስተማሪያ ነው። ስለ እንጨት ባሕርይ፣ ስለ ንድፍ፣ ስለ ቅርጽ አወጣጥ፣ ስለ ማጣበቅ ሰፊ ሰፊ ምዕራፎች አሉት። እኔ የምዳስሰው ግን አንዱን ጉዳዩን ነው፦ ማለስለስንና መጨረስን።

መካነ ሰላም ላይ ጀልባ ምን ይሠራል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጎረቤቶቼም ጠይቀውኛል። ዓባይ በምዕራባችን ያልፋል፤ ግን የሚያልፈው እጅግ ጥልቅ ከሆነ ገደል ሥር ነው። ቆላ ወርደው ወደ ጎጃም የተሻገሩ ሽማግሌዎች በተነፋ አቁማዳ እየተደገፉ እንዴት እንደዋኙ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ መቅዘፊያ ይዤ ተሻገርኩ ያለኝ ግን የለም። የኔ ጀልባ የታሰበችው ለዓባይ አይደለም። እህቴ ያገባችው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከእስጢፋኖስ ገዳም ማዶ ከሐይቁ ዳር ይኖራሉ። ልጆቿ ውሃ ዳር አድገው በውሃው ላይ አለመሄዳቸው ሁሌም ይቆረቁረኝ ነበር። መሣሪያዬም፣ ደረቅ ጣውላዬም፣ ጊዜዬም ያለው መካነ ሰላም ስለሆነ እዚሁ ሠርቼ በአይሱዙ ጭኜ ልወስድላቸው ተነሣሁ። መጽሐፉን የማነበው እንግዲህ እንደ ሃያሲ ብቻ አይደለም፤ የጻፈውን በእጄ ሞክሬ ነው።

መጽሐፉ ለኔ ካስተማረኝ ሁሉ ትልቁ አንድ ልዩነት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጀልባ ሠሪዎች ለለስላሳ ገጽና መስመሩ ላልተሰበረ ገጽ ሁለት ለየቅል ስም አላቸው። በእኛ ቋንቋ ሁለቱንም «ለስልሷል» ብለን እናልፋለን፤ ስለዚህ አንዱን ስንሠራ ሌላውን የሠራን ይመስለናል። እኔ ሁለተኛውን «ወጥ» ማለት እመርጣለሁ፤ ላሊበላን ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈለፈለ ስንል እንደምንለው፣ ያልተቆራረጠ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሱን የሚከተል ማለቴ ነው። ለስላሳ የጣት ስፋት ጉዳይ ነው፤ ወጥ የክንድ ስፋት ጉዳይ ነው። ጣት ጭረት ያገኛል፤ ጭረት የሌለበትን ጉብታ ግን ጣት አብራው ወጥታ አብራው ትወርዳለች እንጂ አታውቀውም። የኔ ጀልባ ያን ምሽት ለስላሳ ነበረች፤ ወጥ አልነበረችም። ይባስ ብሎም ጎድጓዳውን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ፦ በእጄ መዳፍ ልክ የቆረጥኩትን ብርጭቆ ወረቀት ይዤ፣ ሻካራ መስሎ የተሰማኝን ቦታ ሁሉ ለብቻው ስፈትግ፣ ለስላሳውን ጉድጓድ በገዛ እጄ ቆፈርኩት።

ለዚህ መጽሐፉ የሚሰጠው መድኃኒት ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ደስ ይላል። ረጅም፣ ትንሽ የሚለመጥ ሳንቃ ትወስዳለህ፤ ከሥሩ ሻካራ ወረቀት ትለጥፍበታለህ፤ በሁለት እጅህ ይዘህ ከጀልባዋ ርዝመት ጋር አግድመህ ወዲያና ወዲህ ትገፋዋለህ። ሳንቃው ረጅም ስለሆነ በጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል፤ የሚነካው ጉብታውን ብቻ ነው። የሚለመጥ ስለሆነ ደግሞ የጀልባዋን ጉብጠት ይከተላል። ከዚያ በፊት ቀጭን ዘንግ በገጿ ላይ አጉብጠህ ታስጠጋለህ፤ ዘንጉ የማይነካበት ቦታ ጎድጓዳ ነው፣ በእርሳስ ታከበዋለህ። እኔ ዘንጉን ከሞራሌ ላይ በመጋዝ ሰንጥቄ፣ ሳንቃውን ደግሞ ከተረፈ ኮምፔንሳቶ ቆርጬ ሠራኋቸው። ወረቀቱ ሰማንያ ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ቀን ክንዴ ከትከሻዬ የሚነቀል መስሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን የሳንቃው ድምፅ ተለወጠ። ጉብታ ላይ ሲሄድ ይቆራረጥ የነበረው ድምፅ እየረዘመ፣ እየተያያዘ መጣ። ይህን ድምፅ መጽሐፉ አልነገረኝም፤ ግን መጽሐፉ ባይኖር አልሰማውም ነበር።

እዚህ ላይ የአጎቴን ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። አጎቴ ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ ናቸው። ቀንበር በበሬው ማጅራት ላይ የሚያርፍበት ቦታ ጉብታ ካለው በሬው ይቆስላል፤ የቆሰለ በሬ ደግሞ አያርስም። ስለዚህ እሳቸው ስለ ወጥነት ማንም ሳይነግራቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲጨነቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ግቢያችን መጥተው ጀልባዋን ሲያዩ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ወርወር አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑና ሙሉ መዳፋቸውን ከጫፍ ጀምረው ሳያነሡ አስኬዱት። «ጋሼ፣ ምነው ዓይንዎን ጨፈኑ?» አልኳቸው። «ዓይን ቀለም ያያል ልጄ፤ አንተ የምትፈልገው ጎድጓዳ ነው» አሉኝ። ከጀልባዋ አፍንጫ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሲደርሱ መዳፋቸው ቆመ። በእርሳስ አከበብኩት። ኋላ ዘንጉን ሳስጠጋበት እውነትም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አየር አሳየኝ።

ጉዦኖችም ስለ ዓይንና ስለ እጅ ዳሰሳ ይናገራሉ፤ ገጹ በወጥነት መጨረሻ ላይ ሲደርስ ከመለኪያ ይልቅ የሰው ስሜት ዳኛ መሆኑን አይሸሽጉም። መጽሐፉን እንደ መሐንዲስ ሰነድ ብቻ ሳይሆን እንደ ሙያተኛ ኑዛዜ የማከብረው ለዚህ ነው። ብዙ የቴክኒክ መጻሕፍት ቁጥር ያለቀበት ቦታ ላይ ዝም ይላሉ። ይህ መጽሐፍ ቁጥሩ ሲያልቅ «አሁን በእጅህ እወቅ» ይላል፤ ከዚያም እጅ እንዴት እንደሚያውቅ ለማስረዳት ይሞክራል። ያደረጉት ሙከራ ሙሉ ነው አልልም። የአጎቴን ዓይን መጨፈን የመሰለ አንድ ነገር ቢጨምሩበት ኖሮ አሥር ገጽ ይተርፋቸው ነበር።

ጎድጓዳውን በምን እንሙላው ወደሚለው ስንመጣ ግን መጽሐፉና መካነ ሰላም መራራቅ ይጀምራሉ። መልሱ ማይክሮባሉን ነው፦ በዓይን የማይለዩ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ደቃቅ ኳሶች ከኢፖክሲ ጋር ተለውሰው እንደ ለውዝ ቅቤ የወፈረ፣ ቀላል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ የሚላግ መሙያ ይሆናሉ። መጽሐፉ ለማጣበቂያ የሚሆነውን ጠንካራ ማወፈሪያ ለገጽ ማስተካከያ አትጠቀሙ ይላል፤ ምክንያቱም መሙያው ከዙሪያው እንጨት የጠነከረ ከሆነ ሲፈተግ እንጨቱ እያለቀ መሙያው ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ይህ ምክር ወርቅ ነው። እኔ ግን ማይክሮባሉኑን ከየት ላምጣ? መጀመሪያ ያደረግኩት የሞኝ ሥራ ነበር፤ የግድግዳ ስቱኮ ገዝቼ ሞላሁበት። በሁለት ቀን ደርቆ እንደ ዱቄት ተላገ፤ ቆንጆ ሆነ። በእርጥብ ጨርቅ ሳብሰው ግን ሊጥ ሆኖ ተነሣ። ውሃ ላይ ለምትውል ዕቃ በውሃ የሚሟሟ መሙያ! ሁሉንም በስፓቱላ ፍቄ አወጣሁት። ቀጥሎ የራሴን የመጋዝ ብናኝ በጥሩ ወንፊት ነፍቼ ከኢፖክሲው ጋር ለወስኩ። እሱ ያዘ። ከማይክሮባሉን ይከብዳል፣ ለመፈተግም ይታገላል፤ ስለዚህ በጣም ቀጭን አድርጌ፣ ሦስት አራት ጊዜ እየደራረብኩ ሞላሁት። መጽሐፉ የእንጨት ዱቄት ያለበትን መሙያ የሚያውቀው ለማዕዘን መደምደሚያ ነው፤ ሌላ አማራጭ ለሌለው ሰው ገጽ ላይም እንዴት እንደሚያገለግል አንድ አንቀጽ ቢጽፍ ኖሮ ለብዙ አገር አናጺ ይደርስ ነበር።

አሁን ወደ ልባስ። በዚህ ምዕራፍ መጽሐፉ ምርጥም ነው፣ አስቸጋሪም ነው። ጉዦኖች ኢፖክሲው ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ከላዩ የሚፈተግ ከሆነ ሦስት ጊዜ ይቀባ ይላሉ፤ የመፈተጉ ሥራ ከልባሱ ላይ ስለሚበላ። በስስ የስፖንጅ ሮለር ይቀባል፤ ከሮለሩ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ እንደ ብሩሽ ተይዞ ደግሞ አረፋው ቀስ ተብሎ ይዳመጣል። ይህች የሮለር ቁራጭ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ከገጹ ላይ የአረፋውን ጠባሳ ሁሉ ያጠፋችልኝ እሷ ናት። ከዚያ ዋናው ሕግ ይመጣል፦ እንጨቱ እየሞቀ ሳለ አትቀባ፤ እየቀዘቀዘ ሳለ ቀባ። እንጨት በውስጡ አየር አለው። ሲሞቅ አየሩ ይሰፋና በልባሱ በኩል እየተነፈሰ አረፋ ይሠራል፤ ሲቀዘቅዝ ግን አየሩ ይሰበሰብና ኢፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ይህን ሳነብ እናቴ ምጣድ ስታሟሽ ታየችኝ። አዲስ ምጣድ ከሸክላ ሠሪ ሲመጣ ደህና አድርጎ በድንጋይ ተልጎ ነው የሚመጣው፤ ግን በእሱ ላይ ሊጥ ቢያፈሱበት ይይዛል፣ እንጀራው አይነሣም። እናቴ በዝግታ ታግለዋለች፤ ከዚያ የተወቀጠ ጎመን ዘር ነስንሳ በጨርቅ ትፈትገዋለች፣ ደግማ ታግለዋለች፣ ደግማ ትፈትገዋለች። ዘይቱ በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ገጹ ይጠቁራል፣ ያበራል። ቀዳዳ ያለውን ነገር በሙቀት ከፍተህ ዘይት ማጠጣት፣ ሽፋኑን በአንድ ወፍራም ድርብ ሳይሆን በብዙ ቀጭን ድርብ መሥራት፣ አለመቸኮል፤ በሚሺጋን የተጻፈው ነገር በወሎ ማጀት ውስጥ ሲሠራ የኖረ ነው። «አልተሟሸም» የሚለው ቃላችን በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ የሚፈጅ ሐሳብ ይዟል።

ችግሩ የአየር ጠባያችን ነው። እንጨቱ የሚቀዘቅዝበት ሰዓት ከቀኑ አሥር ሰዓት ወዲያ ነው፤ ያኔ ቀብተህ ስትጨርስ ሌሊቱ ይመጣል። መካነ ሰላም ደግሞ በጥር ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ደጋ ነው። ጉዦኖች ራሳቸው የሚሸጡት ፈጣን ማጠንከሪያ እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሠራል፤ ቀርፋፋው ግን ከ16 ዲግሪ በታች አይሆንም። የእነሱ በአምስት ለአንድ መጠን ይቀላቀላል፤ እኔ አዲስ አበባ ልኬ ያስገዛሁት ሌላ ነው፣ ሁለት ለአንድ የሚቀላቀል፣ ሙቀት የሚፈልግ። ስለዚህ በፕላስቲክ ድንኳን ሸፍኜ ከሥሯ የከሰል ምድጃ አስገባሁ። በጧት ድንኳኑን ስከፍት ጀልባዋ ጠንክራለች፤ ግን ገጿ እንደ ሰም የሚያሟልጭ ቅባት ለብሷል። በላዩ ደግሜ ብቀባ ኖሮ ሁለተኛው ልባስ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይላጥ ነበር። መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ጭስ ማውጫ የሌለው እሳት የሚያወጣው ጋዝና እርጥበት ከማጠንከሪያው ጋር እየተዋሃደ ያን ቅባት ያበዛዋል። ቅባቱ ግን በውሃ ይለቃል። በንጹሕ ውሃና በሻካራ ፍቅፋቂ አጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደገና ፈተግኋት። ከዚያ በኋላ ከሰሉን ትቼ የፈላ ውሃ የሞላ ጀሪካን ከድንኳኑ ሥር እየደረደርኩ ማደር ጀመርኩ። አራት ጀሪካን ይበቃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ መለወጥ አለበት፤ ለዚህ መነሣት ከባድ ነው።

መጽሐፉን የምከስሰው እንግዲህ ስሕተት ጽፎ አይደለም። የጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የሚናገረው ማሞቂያ ላለው ወርክሾፕ፣ መደብሩ ለቀረበለት ሠሪ ነው። ሌላም አለ። መጽሐፉ የአንድ ኩባንያ መጽሐፍ ነው፤ የሚያስተምረውም ኩባንያው በሚሸጠው ዕቃ መሥራትን ነው። ኩባንያው በኤሌክትሮኒክ ቅጂ በነጻ ማሰራጨቱ መልካም ነው፣ እኔም በዚያ ተጠቅሜያለሁ። ግን አንባቢ ይህን እያወቀ ማንበብ አለበት። ለምሳሌ የእንጨት ጀልባ ለሺህ ዓመታት ያለ ኢፖክሲ እንደኖረ መጽሐፉ ብዙ አያወሳም። በቀይ ባሕር የሚጓዙት ሳምቡክ የተባሉ ጀልባዎች ከውሃ በላይ ያለው አካላቸው በዓሣ ዘይት እየታሸ፣ ከውሃ በታች ያለው በኖራና በሞራ እየተለበጠ ኖሯል። የጣና ታንኳ ደግሞ ልባስ የሚባል ነገር የለውም፤ ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፣ ወጥቶ ይደርቃል፣ ሲያረጅ ሌላ ይታሰራል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ራ የተባለችውን ጀልባ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ሲያሠራ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። ራ አትላንቲክን ሳትጨርስ ተተወች፤ በዓመቱ ራ ሁለት በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። ደንገል ከኢፖክሲ ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ ደንገል ቶሎ ያልቃል። ነገር ግን ታንኳ ሠሪ ዕቃው እንደሚያልቅ አውቆ ነው የሚሠራው።

የኔና የመጽሐፉ ዋና ክርክር እዚህ ላይ ነው። ጉዦኖች ገጽን «ይጨርሱታል»፤ አሽገው፣ ለብጠው፣ እንጨቱን ከዓለም ይለዩታል። ሐሳቡ ከተሳካ ድንቅ ነው፤ እርጥበቱ የማይለዋወጥ እንጨት አያብጥም፣ አይሰነጠቅም። ግን ልባሱ አንድ ቦታ ከተበሳ ውሃው ይገባል፣ መውጫ ያጣል፤ እንጨቱ ከልባሱ ሥር ማንም ሳያየው ይበሰብሳል። የእኛ ሴቶች ምጣድ ካሟሹ በኋላ ጨርሰናል አይሉም። ሊጥ ከማፍሰሳቸው በፊት በማሰሻ ያስሱታል፤ ጎመን ዘሩ ሁልጊዜ ከምድጃው አጠገብ ነው። የምጣዱ ገጽ በየሳምንቱ ይታደሳል። መጽሐፉ ማሟሸቱን በመቶ ገጽ ያስተምራል፤ ማሰሱን በጥቂት ገጽ ያልፈዋል። ጀልባ ደግሞ ውሃ ዳር ድንጋይ ላይ ይጎተታል፣ ልጅ ይረግጠዋል፣ ፍየል ይወጣበታል። ሐይቅ ዳር ለምትኖር ጀልባ ከሚያብረቀርቅ ገጽ ይልቅ በየዓመቱ ተፍቆ፣ ተመርምሮ፣ የተበሳው ተዘግቶ የሚቀባ ገጽ ያስፈልጋታል።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም፤ መጽሐፉም እዚህ ላይ አጭርና ትክክለኛ ነው። ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም። በጥሬው ከተተወ ይደበዝዛል፣ ይፈረካከሳል፤ ከላዩ ቀለም ወይም የፀሐይ ጨረር የሚከላከል ቬርኒሽ ያስፈልገዋል። በደጋ ፀሐይ ይህ ምክር እጥፍ ይከብዳል። ጥቁርና ጠቆር ያለ ቀለም ሙቀት ይሰበስባል፤ የሚያብረቀርቅ ጠቆር ያለ ቀለም ደግሞ ያችን የባትሪዬን ብርሃን ሥራ ይሠራል፣ የቀረችውን ጉብታ ሁሉ ለአላፊ አግዳሚ ያሳያል። እኔ ነጭ መረጥሁ፤ ብርሃን የማይመልስ፣ የታፈነ ነጭ። እውነቱን ለመናገር ለሙቀቱ ብቻ አልነበረም፤ አጎቴ ያገኙትን ጎድጓዳ ሙሉ በሙሉ አላስተካከልኩትም።

አንድ ነገር ግን መጽሐፉ በድፍረት ስለሚለው ላመሰግነው ይገባል። ያልጠነከረ ኢፖክሲ ቆዳን ይጎዳል፤ አንዴ ሰውነት ከጠላው ዕድሜ ልክ ይጠላዋል። ብናኙ ሳንባ ይገባል። ጓንት፣ የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ከእጅ ላይ ለማስለቀቅም በኬሚካል ማቅለጫ አለመታጠብ፤ እነዚህን ጉዦኖች በዋዛ አያልፏቸውም። በእኛ ወርክሾፖች አኳራጃ በባዶ እጅ፣ ቬርኒሽ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲቀባ አይቼ አድጌያለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ይህን ምዕራፍ ብቻ ለይቶ በአማርኛ የሚያሳትም ሰው ቢገኝ ከመላው መጽሐፍ ይበልጥ ሰው ያድናል ብዬ አምናለሁ።

ትርጉሙን ካነሣሁ ዘንዳ፦ መጽሐፉ በሙሉ በአማርኛ ቢመጣ ትልቅ ሥራ ይሆናል፤ ግን እንዳለ መተርጎም የለበትም። ተርጓሚው የእኛን እንጨት ማወቅ አለበት። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ሲትካ ስፕሩስና ስለ ዳግላስ ፈር ነው። እኛ ዝግባ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ባሕር ዛፍ አለን። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ተሰንጥቆ ሲደርቅ እንዴት እንደሚጠማዘዝ የሚያውቅ ሰው፣ እንጨቱ ከመጣበቁ በፊት እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ ይሁን የሚለውን ምክር በሌላ ዓይን ነው የሚያነበው። ዝግባ መልካም ገጽ ይሰጣል፣ ለመላጊያም ይመቻል፤ ግን ዝግባና ጽድ ከደንቆሮ ጫካ ቆርጦ ማምጣት በሕግም በኅሊናም የተዘጋ ነው፣ ያ ጫካ ዛሬ የብሔራዊ ፓርካችን ልብ ነው። ስለዚህ የእኛ አገር የጀልባ መጽሐፍ በኮምፔንሳቶና በተተከለ ባሕር ዛፍ ይጀምራል። ቃላቱንም ከእኛ ሙያተኞች ይወስዳል፦ ከቀንበር ጠራቢ፣ ከብራና ፋቂ፣ ከምጣድ ሠሪ። ወጥ ማለትን ከለስላሳ ማለት የሚለይ ቃል በእጃቸው ይዘው የኖሩ እነሱ ናቸው።

ጀልባዋ ሐይቅ ከወረደች ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ሄጄ አይቻታለሁ። ሆዷ በኩል ድንጋይ የጫረው መስመር አለ፤ ውፍረቱ የክር ያህል ነው፣ ነጩን ቀለምና ቀጥሎ ያለውን ልባስ አልፎ እንጨቱ ጋ ደርሷል። የእህቴ ትልቁ ልጅ ከኔ ጋር በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አሳሳው፣ በባዶ ጣሳ ትንሽ ኢፖክሲ ለውሰን ሞላነው። ሲጠነክር ሳንቃውን ሰጠሁት፤ ፈትጎ ሲጨርስ ዓይኑን እንዲጨፍን ነገርኩት። መዳፉን ከአፍንጫዋ ጀምሮ ወደ ኋላ አስኬደው። የጠገነውን ቦታ ሳያውቀው አለፈ፤ ከአፍንጫዋ ሁለት ክንድ ያህል ሲደርስ ግን ቆመና «አጎቴ፣ እዚህ ጋ ምንድን ነው?» አለኝ።